የቤት ዝይን ከዱር ዝይ መለየት፦ በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚገኙ ነዋሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

በቦሌ፣ በየካና ከሁለቱ ተከፍሎ በተቋቋመው የለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ነዋሪዎች ዝይን በልዩ ልዩ አጋጣሚ ያገኙታል። በመናፈሻ ኩሬ ዳር፣ በመዝናኛ ሥፍራ፣ በመኖሪያ ግቢና በከተማ ግብርና ማሳ ላይ የሚታዩ ዝይዎች አሉ። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ደግሞ በውኃ ማጠራቀሚያ ግድቦች፣ በወንዝ ዳርና ውኃ በሚተኛባቸው የግጦሽ መስኮች ላይ የሚሰማሩ አሉ። ከእነዚህ አእዋፍ አንዳንዶቹ ባለቤት ያላቸው የቤት እንስሳት ሲሆኑ፣ ሌሎቹ በሕግ ጥበቃ የሚደረግላቸው የዱር እንስሳት ናቸው። አንድን ዝይ ከመያዝ፣ ከመግዛት፣ ከመመገብ ወይም ስለ እርሱ ለመንግሥት አካል ከማመልከት በፊት ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ጉዳዩን የሚመለከተው መሥሪያ ቤትም የሚታወቀው ይህ ሲለይ ነው።

ይህ ማብራሪያ ማንኛውም ነዋሪ ልዩ መሣሪያ ሳይዝ፣ ከጥቂት እርምጃ ርቀት በመመልከት ብቻ ልዩነቱን እንዲያውቅና ተገቢውን እርምጃ እንዲወስድ ለመርዳት የተዘጋጀ ነው።

መለየቱ ለምን ያስፈልጋል?

የመጀመሪያው ምክንያት የባለቤትነት ጉዳይ ነው። የቤት ዝይ የግለሰብ ወይም የድርጅት ንብረት ነው፤ ከግቢ ወጥቶ መንገድ ላይ ስለተገኘ ብቻ ባለቤት አልባ አይሆንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጠፋ ተንቀሳቃሽ ንብረት ያገኘ ሰው ለባለቤቱ እንዲያሳውቅ ግዴታ ይጥልበታል። የዱር ዝይ ግን የማንም ግለሰብ ንብረት አይደለም። በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 መሠረት የዱር እንስሳትን ያለ ፈቃድ ማደን፣ መያዝ ወይም መነገድ የተከለከለ ነው። ስለዚህ «የጠፋ ዝይ አገኘሁ» ብሎ የዱር ወፍ ወደ ግቢው ያስገባ ሰው፣ በቅንነት ያደረገው ቢሆንም፣ ከሕግ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በአንጻሩ «የዱር ነው» ብሎ የጎረቤቱን ዝይ ወደ ወንዝ ያባረረ ሰው የሌላውን ሀብት ያጠፋል።

ሁለተኛው ምክንያት የብርቅዬ ወፍ ጉዳይ ነው። በሀገራችን ከሚኖሩት የዱር ዝይዎች አንዱ፣ ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ፣ ከኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች በቀር በተፈጥሮ የሚኖርበት ሌላ ሀገር የለም። ይህ ወፍ የሚመርጠው በከፍታ ቦታ የሚገኝ ረግረግና እርጥብ የሣር መስክ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የተመሠረተችበት ደጋ በመኖሪያ ክልሉ ውስጥ ይገኛል። በገፈርሳ የውኃ ማጠራቀሚያና በሱሉልታ ሜዳ የሚታይ በመሆኑ በምሥራቅ በኩል ባሉ እርጥብ መስኮችም ሊያጋጥም እንደሚችል ታሳቢ ማድረግ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ጤና ነው። የውኃ አእዋፍ ራሳቸው የሕመም ምልክት ሳያሳዩ የወፍ ጉንፋንንና የፈንግልን ተሕዋሲ ተሸክመው ሊገኙ ይችላሉ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ዝይ ዶሮ ወደሚረባበት ግቢ ማስገባት የቤተሰብን ሀብት ለአደጋ ያጋልጣል።

ስለ ስሞቹ

በዕለት ተዕለት ንግግር ዝይ፣ ዳክዬና ይብራ የሚሉት ስሞች ብዙ ጊዜ ይቀያየራሉ። በዚህ ማብራሪያ «የቤት ዝይ» ሲባል ከሀገር ውጭ ተላምዶ ወደ ሀገራችን የገባውን ትልቁን የቤት ወፍ ያመለክታል። የቤት ዝይዎች የዘር ሐረግ ሁለት ነው። የአውሮፓ ዝርያዎች ከግራጫው የዱር ዝይ የተገኙ ሲሆን፣ በምንቃራቸው ሥር ጉብታ ያላቸው የቻይና ዝርያዎች ደግሞ በምሥራቅ እስያ ከሚኖር ሌላ የዱር ዝይ የተገኙ ናቸው። በንግድ «የአፍሪካ ዝይ» እየተባለ የሚጠራው ጉብታ ያለው ትልቅ ዝርያም ስሙ እንጂ ዘሩ የእስያ ነው። በዚህ ስም የሚሸጥ ዝይ የሀገራችን የዱር ዝይ ተላማጅ አይደለም።

በኢትዮጵያ የሚኖሩት የዱር ዝይዎች በልማድ ዝይ ይባሉ እንጂ፣ በሥነ ፍጥረት አመዳደብ የቤት ዝይ ከሚገኝበት ወገን አይደሉም። ለዚህም ነው በቀለማቸው፣ በቁመናቸውና በድምፃቸው ከቤት ዝይ የሚለዩት።

የቤት ዝይ ዋና ዋና መለያዎች

አንደኛ፣ እግሩን ይመልከቱ። የቤት ዝይ እግር በአብዛኛው ደማቅ ብርቱካናማ ነው። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ጥቁር እግር ያለው ሲሆን፣ የሌሎቹ የዱር ዝይዎች እግር ወደ ሮዝ ወይም ወደ ቀይ ያደላል። በአንዳንድ የቤት ዝርያዎችም የእግሩ ቀለም ወደ ሮዝ ሊያዘነብል ስለሚችል ከዚህ በታች ያሉትን ምልክቶች አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ የላባውን ቀለም ይመልከቱ። ሙሉ ለሙሉ ነጭ የሆነ ዝይ የቤት ዝይ ነው፤ በሀገራችን ነጭ የዱር ዝይ የለም። ግራጫ፣ ቡናማ ወይም ነጭና ግራጫ የተቀላቀለበት የቤት ዝይም አለ። ጉብታ ያለው ቡናማ ዝርያ ከራሱ ጀምሮ በአንገቱ ጀርባ የሚወርድ ጠቆር ያለ መስመር አለው።

ሦስተኛ፣ ምንቃሩን ይመልከቱ። የቤት ዝይ ምንቃር ከሥሩ ከፍ ያለና ወደ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ ሲሆን፣ ቀለሙ በአብዛኛው ብርቱካናማ ነው። ጉብታ ባለው ቡናማ ዝርያ ግን ምንቃሩም ጉብታውም ጥቁር ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፣ ቁመናውን ይመልከቱ። የቤት ዝይ ለሥጋና ለእንቁላል ሲመረጥ የኖረ በመሆኑ ከኋላው ከባድ ነው፤ ሆዱ ወደ መሬት የወረደ፣ አካሄዱም የሚወዛወዝ ነው። እንደ ዝርያው ከ4 እስከ 10 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል። ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይና የግብፅ ዝይ ግን በአብዛኛው ከ2 ኪሎ ግራም ብዙም አይበልጡም፤ ሰውነታቸውም ከፊትና ከኋላ የተመጣጠነ ነው።

አምስተኛ፣ አንገቱን ይመልከቱ። በአውሮፓ ዝርያዎች አንገት ላይ ላባው ተሰነጣጥቆ እንደ ማሳ ፈር ከላይ ወደ ታች የወረደ መስመር ይሠራል። ይህ ምልክት በሀገራችን የዱር ዝይዎች ላይ አይታይም።

በሀገራችን የሚኖሩ የዱር ዝይዎች

ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ግራጫ ያለበት ቡናማ ላባ፣ ጥቁር አጭር ምንቃርና ጥቁር እግር አለው። ሰማያዊው የክንፉ ክፍል ቆሞ ሳለ ሊሸፈን ስለሚችል ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ክንፉን ሲዘረጋ ነው። ላባው ለደጋ ብርድ የሚስማማ ወፍራም ነው። አንገቱን ወደ ኋላ አጥፎ ራሱን በጀርባው ላይ የማሳረፍ ልማድ አለው፤ ይህን የሚያዩ ሰዎች የታመመ ወይም የተጎዳ ይመስላቸዋል። ወፉ በአብዛኛው ሌሊት የሚመገብና ድምፁም ዝቅ ያለ በመሆኑ ቀን ላይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ቢገኝ እርዳታ ያስፈልገዋል ማለት አይደለም።

የግብፅ ዝይ በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ፣ በደረቱ መካከል ጠቆር ያለ ነጥብና ሮዝ እግር አለው። ሲበር በክንፉ ላይ ሰፊ ነጭ ገጽ ይታያል። ከሰው ጋር በቀላሉ ስለሚላመድ በመናፈሻ ኩሬ ከቤት ዝይዎች ጋር ተቀላቅሎ ሊገኝ ይችላል። በስህተት እንደ ቤት ዝይ የሚወሰደውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ባለ እሾህ ክንፍ ዝይ ከዱር ዝይዎች ሁሉ ትልቁ ነው። ጀርባው ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ያብረቀርቃል፤ ፊቱና ሆዱ ነጭ፣ ምንቃሩና ረጅም እግሩ ቀይ ያዘነበለ ነው። በክንፉ መታጠፊያ ላይ ሹል እሾህ ስላለው ለመያዝ የሚሞክርን ሰው ሊያቆስል ይችላል። ይህ ወፍ መርዛማ ጥንዚዛዎችን ስለሚመገብ ሥጋው ሰውን ሊመርዝ እንደሚችል በሌሎች የአፍሪካ አካባቢዎች ተረጋግጧል። ስለሆነም ምንጩ ያልታወቀ «የዝይ ሥጋ» መብላት የሕግ ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጥያቄም ነው።

በብዙ የሀገራችን አካባቢዎች የዝይና የዳክዬ ሥጋ የመብላት ልማድ አለመኖሩ እነዚህ አእዋፍ ከሰው ጋር ሳይፈሩ እንዲኖሩ ረድቷል። ዛሬ ይበልጥ የሚጎዳቸው የረግረግ መሬት መድረቅና ከመጠን ያለፈ ግጦሽ ነው።

ዝይ የሚመስሉ ሌሎች አእዋፍ

ነጭ የቤት ዳክዬ ከሩቅ ሲታይ ዝይ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን አንገቱ አጭር፣ ምንቃሩም ጠፍጣፋና ሰፊ ነው። በፊቱ ላይ ቀይ ኪንታሮት መሰል ሥጋ ያለው ትልቅ ወፍም የቤት ዳክዬ ዝርያ እንጂ ዝይ አይደለም።

በማለዳ በቦሌ ሰማይ ላይ እየጮኹ የሚያልፉ ትላልቅ ጠቆር ያሉ አእዋፍም ብዙ ጊዜ ዝይ ይመስላሉ። ረጅምና ወደ ታች የቆለመመ ምንቃር ካላቸው ግን በተለምዶ ጋጋኖ የሚባሉት ናቸው። ጋጋኖ በሣር ሜዳ ላይ ትልና ነፍሳት እየለቀመ የሚኖር የደጋ ወፍ ሲሆን፣ እርሱም የዱር እንስሳ ነው።

በራሳቸው የማያስተማምኑ ምልክቶች

«አይበርም፤ ስለዚህ የቤት ነው» ማለት ትክክል አይደለም። የዱር ዝይዎች ላባ በሚቀይሩበት ወቅት የበረራ ላባዎቻቸው በአንድ ጊዜ ስለሚረግፉ ለጥቂት ሳምንታት መብረር አይችሉም። በዚህ ወቅት የሚሮጥ እንጂ የማይበር ዝይ ማግኘት የተለመደ ነው፤ ወፉም ሳይነካ ከተተወ መልሶ ይበራል።

«ሰው አይፈራም፤ ስለዚህ ባለቤት አለው» ማለትም አያስኬድም። በመናፈሻ ፍርፋሪ የለመደ የዱር ወፍ ወደ ሰው ይቀርባል። ጫጩትን ብቻ አይቶ መወሰንም ስህተት ላይ ይጥላል፤ ከሩቅ ቆሞ ወላጆቹን መጠበቅ ይገባል። ብቻውን የሚታይ ጫጩት ብዙ ጊዜ እናቱ በቅርብ ርቀት ላይ ትገኛለች።

በእግሩ ላይ ቀለበት ያለው ወፍ ሲገኝ ቀለበቱን ማስተዋል ይጠቅማል። ባለ ቀለም የፕላስቲክ ቀለበት አብዛኛውን ጊዜ አርቢዎች የሚጠቀሙበት ነው። ቁጥርና ፊደል የተቀረጸበት የብረት ቀለበት ግን ለምርምር የታሰረ ሊሆን ስለሚችል ጽሑፉን መዝግቦ ማሳወቅ ይገባል።

በልዩ ልዩ ሁኔታ ምን ማድረግ ይገባል?

በመናፈሻ ውስጥ፦ ዝይዎችን ዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪ አለመመገብ ይመከራል። ፍርፋሪ ሆዳቸውን ይሞላል እንጂ በቂ ምግብ አይሆናቸውም፤ በውኃው ውስጥ የቀረውም በስብሶ ኩሬውን ያበላሻል። በእርባታ ወቅት ወንዱ ዝይ እንቁላልና ጫጩት ለመጠበቅ አንገቱን ዘርግቶ እየተንፈሸፈሸ ወደ ሰው ሊመጣ ይችላል። በዚህ ጊዜ ሕፃናትን ከኋላ አድርጎ፣ ሳይሮጡና ጀርባ ሳይሰጡ ቀስ ብሎ መራቅ በቂ ነው።

የጠፋ የቤት ዝይ ሲገኝ፦ ከላይ በተገለጹት ምልክቶች የቤት ዝይ መሆኑ ከተረጋገጠ በመጀመሪያ በአካባቢው ያሉ አባወራዎችንና እማወራዎችን፣ የግቢ ጥበቃ ሠራተኞችንና የመዝናኛ ሥፍራዎችን መጠየቅ ይገባል። ባለቤቱ ካልተገኘ ለወረዳው አስተዳደር ወይም በአቅራቢያ ለሚገኝ የፖሊስ ጣቢያ ማሳወቅ ያስፈልጋል። ባለቤቱ እስኪገኝ ድረስ ዝይውን በእጃቸው የሚያቆዩ ሰዎች ከዶሮዎቻቸው ለይተው ያቆዩት።

የዱር ዝይ ሲገኝ፦ ጤነኛ ከሆነ በነበረበት መተው ነው። የቆሰለ፣ በሽቦ ወይም በመረብ የተያዘ ከሆነ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ወይም በአካባቢው ለሚገኝ የመንግሥት አካል ማሳወቅ ይገባል። መልስ እስኪገኝ ውሾችንና ሕፃናትን ማራቅ ለወፉ ትልቅ እርዳታ ነው።

ዝይ ሲገዛ፦ በተለይ በዓል ሲቃረብ በመንገድ ዳር ለሽያጭ የሚቀርቡ አእዋፍ ሲያጋጥሙ እግርን፣ ምንቃርንና ቁመናን መመልከት ያስፈልጋል። ጥቁር እግር ያለውን፣ በዓይኑ ዙሪያ ቡናማ ክብ ያለበትን ወይም በክንፉ ላይ እሾህ ያለውን ወፍ «ከገጠር የመጣ የሀበሻ ዝይ ነው» ቢባሉም አይግዙ። ሻጩ ያረባበትን ቦታ ማሳየት ወይም መግለጽ ካልቻለም ግዢውን መተው ይሻላል።

የታመመ ወይም የሞተ ሲገኝ፦ በአንድ ቦታ ብዙ የውኃ አእዋፍ ወይም ዶሮዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ከሞቱ በባዶ እጅ አለመንካት፣ ወደ ወንዝ ወይም ቆሻሻ መጣያ አለመወርወርና ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያውኑ ማሳወቅ ያስፈልጋል። አንገቱን የሚያጣምም፣ ሚዛኑን የሚስት ወይም መተንፈስ የሚቸግረው ወፍም እንዲሁ መታየት አለበት።

ለአውሮፕላን ማረፊያው አጎራባች ነዋሪዎች

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ የሚኖሩ ነዋሪዎች ተጨማሪ ኃላፊነት አለባቸው። ዝይ ከባድና በመንጋ የሚበር ወፍ በመሆኑ ከአውሮፕላን ጋር ሲጋጭ የሚያደርሰው ጉዳት ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2009 በኒው ዮርክ ከተማ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን ከዱር ዝይ መንጋ ጋር ተጋጭቶ ሁለቱም ሞተሮቹ ኃይል በማጣታቸው ሃድሰን ወንዝ ላይ ለማረፍ ተገዷል፤ በውስጡ የነበሩት 155 ሰዎች በሕይወት መትረፋቸው እንደ ታላቅ ዕድል የሚታይ ነው። በበረራ መስመር አቅራቢያ የምግብ ትራፊ በሜዳ ላይ መጣልና የዱር አእዋፍን መመገብ መንጋ ወደዚያ እንዲሳብ ስለሚያደርግ ሊቀር ይገባል።

ዝይ ለሚያረቡ ነዋሪዎች

ዝይ ዋና ምግቡ ሣር ስለሆነ የግጦሽ ቦታ ይፈልጋል። ኩሬ ባይኖርም ራሱን እስከ ዓይኑ ድረስ ሊያጠልቅበት የሚችል ንጹሕ ውኃ ያስፈልገዋል። እንግዳ ሰው ሲመጣ የሚጮኽ በመሆኑ ለግቢ ጥበቃ ይፈለጋል፤ ይኸው ጩኸት ጎረቤትን ሊያስቸግር ስለሚችል ማደሪያውን ከአጎራባች መኝታ ቤት ማራቅ ተገቢ ነው። በከተማዋ ዳርቻ ባሉ መንደሮች ጅብና ሸለምጥማጥ ስለሚገኙ ሌሊት በጠንካራ ማደሪያ ውስጥ መዘጋት አለበት። እግሩ ላይ ቀለበት ማሰርና ፎቶግራፉን ማስቀመጥ ሲጠፋ ባለቤትነትን ለማስረዳት ይረዳል። አርቢዎች ማቆየት ያልቻሉትን የቤት ዝይ ወደ ግድብ፣ ወንዝ ወይም ረግረግ መልቀቅ የለባቸውም። እንዲህ ያለው ዝይ አብዛኛውን ጊዜ በአውሬ ይበላል፤ ከተረፈም በሽታ ወደ ዱር አእዋፍ ሊያዛምትና ከእነርሱ ጋር በግጦሽ ሊሻማ ይችላል።

ሲያመለክቱ የሚያስፈልጉ መረጃዎች

ወደ ማንኛውም የመንግሥት አካል ሲቀርቡ ወፉ የታየበትን ቦታ፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ፣ ቀንና ሰዓት፣ የአእዋፉን ብዛት፣ የእግርና የምንቃር ቀለማቸውን እንዲሁም ቀለበት ካለ የተጻፈበትን ይዘው ይቅረቡ። ሳይጠጉ የተነሣ ፎቶግራፍ ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ ነው። በለሚ ኩራ የሚኖሩ ነዋሪዎች ቀድሞ ወደ ቦሌ ወይም የካ ያቀርቡት የነበረውን ጉዳይ አሁን በራሳቸው ክፍለ ከተማ እንደሚያቀርቡ ያስታውሱ።

በአጭሩ፣ ነጭ ላባ፣ ብርቱካናማ እግርና ከኋላ የከበደ ቁመና ያለው ዝይ የሰው ንብረት ስለሆነ ባለቤቱ ይፈለግለታል። ጥቁር እግርና ሰማያዊ ክንፍ ያለው ዝይ የሀገር ሀብት ስለሆነ በቦታው ይተዋል። የትኛው እንደሆነ መለየት ካልተቻለ ወፉን ሳይነኩ መጠየቅ ይገባል።